እፍ ብለን ያስነሣነው ጌም

ቦታው አዲስ አበባ፣ ሁለት ሰው በጭንቅ የምታስቀምጥ የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ናት። ጋሼ ከ1990 እስከ 1997 ዓ.ም. በዚችው ክፍል ጌም ቤት ነበራቸው፤ ዛሬ ዲሽና ሪሞት ይጠግኑባታል። ሚሚ የእህታቸው ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሳለች፤ ዛሬ ቅዳሜ ላፕቶፗን አንጠልጥላ የመጣችው ራሷ የሠራችውን ጌም እንዲሞክሩላት ነው። እሱን ሳትከፍት ግን መሳቢያ ስትጎረጉር አንድ አቧራ የጠጣ የጌም ካሴት እጇ ገባ።

ሚሚ፦ ጋሼ! ይቺ ያቺ «9999 በ1» የምትባለው አይደለችም? እማዬ ስለሷ አውርታ አትጠግብም። ቆይ እንሞክራት፤ እፍፍ...

ጋሼ፦ ኧረ ተይ! አትንፊበት።

ሚሚ፦ እንዴ! እፍ ሳይባልማ መቼ ይነሣል? ድሮ እንደዚያ አልነበር የምታደርጉት?

ጋሼ፦ ነበር እንጂ። ሰባት ዓመት ሙሉ እፍ ስል ነው የኖርኩት። ስክሪኑ ሲንቀጠቀጥ ካሴቱን እነቅላለሁ፣ እፍ እላለሁ፣ መልሼ እከታለሁ፤ ይነሣል። ልጆቹ «የጋሼ ትንፋሽ መድኃኒት ነው» ይሉ ነበር። ነገሩ የገባኝ ጥገና ከጀመርኩ በኋላ ነው። ያስነሣው የነበረው ትንፋሼ ሳይሆን መንቀሌና መክተቴ ነው። ሲወጣና ሲገባ የካሴቱ ጥርስ ከማሽኑ ጥርስ ጋር ይፋተግና ይገጥማል። ትንፋሽማ እርጥበት ነው፤ ውሎ አድሮ ጥርሱን ይበላዋል። የጌሙ ኩባንያ ኒንቴንዶ ራሱ እፍ አትበሉበት ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። ያውልሽ ጥጥና አልኮል፤ በሱ ጥረጊው።

ሚሚ፦ ያሳዝናል። ከድሮ ጌም ወሬ ሁሉ የምወዳት እሷን ነበር።

ጋሼ፦ ምኑ ያሳዝናል? ጌሙ ተነሥቷል፣ ልጆቹ ተጫውተዋል። የተሳሳትነው ምክንያቱን ብቻ ነው። የድሮ ጌም ሲሞገስ በሰማሁ ቁጥር ይቺ ነገር ትዝ ትለኛለች። ደስ ብሎን ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ለምን ደስ እንዳለን ሲጠይቁን ግን ትንፋሹን እናመሰግናለን።

ሚሚ፦ እንግዲያው የእኔ ጌም ሳይከፈት ተፈረደበት ማለት ነው። እንደ ድሮ አድርጌ ነው የሠራሁት።

ጋሼ፦ አንቺ ድሮን የት ታውቂውና? «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባል የለ?

ሚሚ፦ እኔ ግን ይናፍቀኛል፤ ምን ላድርግ? ይስሙኝ። ፒኮ-8 የሚባል ነገር አለ። በእጅ የሚዳሰስ ማሽን አይደለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የምናብ ማሽን ነው። ስክሪኑ 128 በ128 ፒክስል ብቻ ነው፤ ቀለሙ 16። አንድ ጌም ከ32 ኪሎባይት ማለፍ አይችልም። በስልኬ የማነሣት አንዲት ፎቶ የዚያን መቶ እጥፍ ትሆናለች።

ጋሼ፦ ሞልቶ በተረፈበት ዘመን ምን ቸግሮሽ ነው ራስሽን የምታስርቢው?

ሚሚ፦ ጥበቡ እዚያ ስላለ ነዋ! ሱፐር ማሪዮ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሙሉው ጌም 40 ኪሎባይት ነበር፤ 32ቱ ለትእዛዙ፣ 8ቱ ለሥዕሉ። ስምንት ዓለም፣ በእያንዳንዱ አራት አራት ስቴጅ፣ የኮጂ ኮንዶ ሙዚቃ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ታጭቋል። ቦታ ስላነሳቸው ደመናውንና ቁጥቋጦውን አንድ ሥዕል አደረጓቸው፤ ነጭ ሲቀባ ደመና፣ አረንጓዴ ሲቀባ ቁጥቋጦ።

ጋሼ፦ እሱንማ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እዚሁ ቆሞ አሳይቶኛል። «ጋሼ፣ ደመናው ወርዶ ሣር ሆኗል» ቢለኝ ሳቅኩበት። ለካ ልጁ ልክ ነበር።

ሚሚ፦ የማሪዮ ፂምስ? ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1981 ዶንኪ ኮንግ ላይ ሲሥለው ፒክስሉ አፍ ለማውጣት አልበቃውም፤ ስለዚህ ፂም ለጠፈበት። ሲዘል የሚንቀሳቀስ ፀጉር መሥራት ሲያቅተው ደግሞ ኮፍያ ደፋለት። በዓለም የታወቀው መልክ የእጥረት ልጅ ነው። እኔም እጥረቱን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ጋሼ፦ አንቺ መረጥሽው፤ እነሱ ግን መች መረጡት? የነበራቸውን ሁሉ ጨርሰው ተጠቅመው ነው እዚያ የደረሱት። ድሃ እናት ከአንድ ቀሚስ ለሁለት ልጅ ሸሚዝ ታወጣለች። ጥበቧን አድንቂላት፤ አንቺ ግን ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ይዘሽ እንደሷ ጠጋኝ ብትሆኚ ማን ያደንቅሻል?

ሚሚ፦ እየመረጠ ያደረገም አለ። በእጅ የሚያዘውን ጌም ቦይ የሠራው ጉንፔይ ዮኮይ በ1989 ቀለም ያለው ስክሪን ማስገባት ይችል ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው የአታሪ ሊንክስ ባለቀለም ነበር። ዮኮይ ግን አረንጓዴ የሚመስለውን፣ አራት ደብዛዛ እርከን ብቻ ያለውን ርካሽ ስክሪን መረጠ። ሊንክስ ስድስት ባትሪ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል፤ ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። ማን እንዳሸነፈ ያውቁታል።

ጋሼ፦ በይ ራስሽ መለስሽው። ሰውየው ደብዛዛውን የመረጠው ደብዛዛ ስላማረው አይደለም፤ ለወላጅ ኪስና ለልጁ ባትሪ አስቦ ነው። የእጥረቱ ጥቅም ለተጫዋቹ ነበር። የአንቺ 16 ቀለም ለተጫዋቹ ምን ይጠቅመዋል? እሱን ንገሪኝና እቀበላለሁ።

ሚሚ፦ ... እሱን ላስብበት። ካሴቱ ጠርቷል፤ ማሽኑ ውስጥ ልክተተው?

ጋሼ፦ ክተቺው። ቀስ ብለሽ፣ እስኪገጥም። ይኸው! ያለ ትንፋሽ ተነሣ። ዝርዝሩን እዪው፤ 9999 ይበል እንጂ ስትቆጥሪው ሃያም አይሞላም። ያው ጌም ስሙን እየቀያየረ ይመላለሳል። ማሪዮን ክፈቺና ጆይስቲኩን ያዢ። እኔ ታሪኩን አንብቤ አላውቅም፤ የማውቀው ከልጆች ጀርባ ቆሜ ያየሁትን ነው። አሁን ምን ይታይሻል?

ሚሚ፦ ማሪዮ ከስክሪኑ ግራ በኩል ቆሟል። ቀኙ ባዶ ነው።

ጋሼ፦ ወዴት ልትሄጂ ነው?

ሚሚ፦ ወደ ቀኝ ነዋ።

ጋሼ፦ ማን ነገረሽ?

ሚሚ፦ ማንም። ሌላ መሄጃ የለማ።

ጋሼ፦ የመጀመሪያው ትምህርት ይኼ ነው። ቀጥዪ።

ሚሚ፦ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ያብለጨልጫል። ከፊት ለፊት ደግሞ ፊቷን የቋጠረች ቡናማ ነገር እየመጣች ነው። ጉምባ ነው ስሟ።

ጋሼ፦ እኛ ቤት «ኩርፊያ» ነበር የምትባለው። ካልዘለልሽ ትገድልሻለች፤ ብትገድልሽም የከሰርሽው ሦስት ሰከንድ ነው። ብትዘዪ ወይ ታልፊያታለሽ፣ ወይ ትረግጫታለሽ፣ ወይ ራስሽ ሳጥኑን ይመታና ሳንቲም ይወጣል። ሦስቱም ትምህርት ነው። ለመሳሳት እንኳ የተመቻቸ ቦታ ነው የሰጡሽ።

ሚሚ፦ ሠሪዎቹ እንዳወሩት ጉምባ የገባችው ወደ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የነበረችው ኤሊዋ ናት፤ ለጀማሪ ስለከበደች ቀለል ያለች ጠላት ፈጠሩ።

ጋሼ፦ ኤሊዋማ ትከብዳለች! ረግጠሻት ዛጎሏ ተስፈንጥሮ መልሶ ይገድልሻል። አሁን ሁለተኛውን የጥያቄ ሳጥን ምቺው። ምን ወጣ?

ሚሚ፦ እንጉዳይ።

ጋሼ፦ ልጆቹ መጀመሪያ ይሸሹት ነበር፤ ከኩርፊያ ጋር ይመሳሰላላ። ግን እዪው፤ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወረደ፣ ቱቦው መታውና መለሰው። ወደ አንቺ እየመጣ ነው። ዘለሽ ልትሸሺ ብትዪ ከራስሽ በላይ ያለው ጡብ መልሶ እላዩ ላይ ይጥልሻል።

ሚሚ፦ አደግኩ!

ጋሼ፦ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አያነቡም ነበር፤ ገና ሀ ሁ ያልጨረሱም ነበሩ። ከዚሁ ካሴት ውስጥ ጽሑፍ የሚያስነብበውን ጌም ማንም አይነካውም። ይቺን እንጉዳይ ግን እኔ ለአንድም ልጅ አስረድቼ አላውቅም። አንዱ ይሞታል፣ ሁለተኛው ይደግማል፣ ሦስተኛው ይገባዋል። አፍ ሳይከፍቱ ማስተማር ማለት ይኼ ነው።

ሚሚ፦ እኔ ደግሞ የምለው እሱን ነው! የዛሬውን ጌም ሲከፍቱት ግማሽ ሰዓት «ይህን ተጫን፣ ያንን ተጫን» ይላል። የድሮው ይበልጣል ማለት ነው።

ጋሼ፦ እሱን አላልኩም። ማሪዮ ይበልጣል አልኩ እንጂ ድሮ ይበልጣል አላልኩም። እዚሁ ካሴት ላይ ስንት ግፍ የሚሠራ ጌም እንዳለ ላሳይሽ? ያኔ አስከፍል የነበረው በሞት ነው። ልጁ 50 ሳንቲም ይከፍልና ነፍሱ እስኪያልቅ ይጫወታል። አንድ ጎበዝ ነበረ። በ50 ሳንቲሙ ማሪዮ ላይ ከምሳ በኋላ ተቀምጦ ማታ ይነሣል። ሰልፉ ያጉረመርማል፣ እኔ እከስራለሁ። እሱ ሲመጣ ምን እንደምመኝ ታውቂያለሽ? ቶሎ የሚገድል ጌም።

ሚሚ፦ ሳያውቁት የጌሙን ኢንዱስትሪ ታሪክ ደገሙት። መጀመሪያ ጌም የሚሠራው ለሳንቲም ማሽን ነበር። ስፔስ ኢንቬደርስን ያውቁታል፤ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 የሠራው። 55 ጠላት ተደርድሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ማሽኑ ደካማ ስለነበር ሁሉንም ለመሣል ጊዜ ይፈጅበታል፤ እየገደሏቸው ሲያንሱ ሥራው ስለሚቀለው ይፈጥናል። ኒሺካዶ ጉድለቱን አላረመውም፤ ተወው። ያ ጉድለት ጌሙ እየከበደ እንዲሄድ አደረገ፤ ተጫዋቹም ሌላ ሳንቲም ይከታል።

ጋሼ፦ እሱ እንኳ ጨዋ ነው። ሲፈጥን ታያለሽ፤ ለምን እንደፈጠነም ይገባሻል፤ ገዳዩ አንቺው ነሽ። እኔን የሚያናድደኝ ያ ጥሩር የለበሰው ሰውዬ፣ ሲመቱት በሙታንታ የሚቀረው...

ሚሚ፦ ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ! ካፕኮም በ1985 ያወጣው። መጨረሻ ደርሰው ትልቁን ጠላት ሲያሸንፉ «ይህ ክፍል ቅዠት ነው» ብሎ ከመጀመሪያው ያስጀምርዎታል። ሁለት ጊዜ ካልጨረሱት መደምደሚያውን አያዩም።

ጋሼ፦ አንድ ልጅ እዚህ አለቀሰ እኮ! ሁለት ሳምንት የምሳ ሳንቲሙን አጠራቅሞ እዚያ ደርሶ ነበር። ዛሬ ያ ልጅ ሰው ሆኖ «የድሮ ጌም ያስተምር ነበር» ሲል እሰማው ይሆናል። ያን ቀን ያስተማረው ነገር የለም፤ አታሎታል።

ሚሚ፦ ኮንትራስ? ባለ 30 ነፍሱ ኮድ እናንተ ጋ ደርሶ ነበር?

ጋሼ፦ ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ! ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ልጅ ነው ይዞት የገባው። መጀመሪያ በብስኩት ይሸጠው ነበር፤ በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው። እኔ በሞት አስከፍላለሁ፤ እነሱ በሦስት ነፍስ ከፍለው ሠላሳ ይወስዳሉ። ግድግዳ ላይ «ኮድ ክልክል ነው» ብዬ ለጠፍኩ።

ሚሚ፦ (እየሳቀች) ኮዱን የፈጠረው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል የኮናሚ ባለሙያ ነው። በ1986 ግራዲየስ የተባለውን ጌም ለቤት ማሽን ሲያዘጋጅ ለሙከራ ስለከበደው ለራሱ አቋራጭ አበጀ፤ ሳይጠፋ ቀረና ዓለም አወቀው። ሠሪው ራሱ ያልቻለው ጌም ነበር ማለት ነው።

ጋሼ፦ በይ፣ ይቺን ያዢልኝ። ሠሪው የማይጨርሰውን ጌም ለልጅ መስጠት ጥበብ አይደለም። ኋላ በሞት ማስከፈሉን ትቼ በሰዓት አደረግኩት። ምን ሆነ? ማንም ኮድ አልፈለገም፤ ማንም አልተጨነቀም። ሁሉም ወደ ኳስ ሄደ። ፕሌይስቴሽን ስገዛማ ጨርሶ ዊኒንግ ኢለቨን ሆነ፤ ሲዲው ጃፓንኛ፣ ሜኑውን በቦታው ሸምድደው ይገቡበታል። ያው ልጆች ናቸው፣ ያው ወንበር ነው፤ ክፍያው ሲቀየር ጨዋታው ተቀየረ።

ሚሚ፦ የእርስዎ 50 ሳንቲም እኮ ዛሬ ተመልሶ መጥቷል። ካንዲ ክራሽን እማዬ ስትጫወት አይተዋታል? በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አምስት ነፍስ ይሰጣል፤ ሲያልቅ ለእያንዳንዷ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ካልሆነ መክፈል። ጌም ቤቱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይዞራል።

ጋሼ፦ እኔ ቢያንስ ሲመሽ በር እዘጋ ነበር።

ሚሚ፦ ግን ጋሼ፣ ከአዲሶቹም ጨዋዎች አሉ። ሴሌስት የሚባል አለ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ። መጀመሪያ ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በዚሁ በፒኮ-8 በአራት ቀን የሠሩት ትንሽ ጌም ነበር። እጅግ ከባድ ነው፤ ግን ሲሞቱ በቅጽበት እዚያው ያስነሣዎታል። ከገደል ጠርዝ ትንሽ ካለፉ በኋላ ዝላዩን ቢጫኑም ይቀበልዎታል። ዓይንና ጣት እኩል እንደማይሄዱ ያውቃል።

ጋሼ፦ ጎበዞች! ጆይስቲክ ሰብሮ የማያውቅ ሰው አይደለም የሠራው። እዚህ ስንቱ «ተጭኜ ነበር እኮ!» እያለ ጮኋል መሰለሽ። እኔ ጌምን የምለካው በዚያች ጩኸት ነው። ልጁ ሲሞት «ኤጭ! እኔ ነኝ» ካለ ጌሙ ጥሩ ነው። «ምን ሆንኩ? ምን ገደለኝ?» ካለ መጥፎ ነው። ሃያ ዓመት ይሁነው ሃያ ቀን አያገባኝም።

ሚሚ፦ ፓክማን በዚህ መለኪያ ያልፋል?

ጋሼ፦ በደንብ ያልፋል። ልጆቹ አራቱን መናፍስት እንደ ጎረቤት ያውቋቸው ነበር። «ቀዩ ይከተላል፣ ሮዟ ትቀድማለች፣ ብርቱካኑ ፈሪ ነው።»

ሚሚ፦ ልክ ናቸው! ቶሩ ኢዋታኒ በ1980 ሲሠራው አራቱ የተለያየ ጠባይ ተሰጣቸው። ቀዩ ያሉበትን ያነጣጥራል። ሮዟ ፊትዎን ወደሚያዞሩበት አራት ካሬ ቀድማ ታነጣጥራለች። ሰማያዊው ስሌቱን ከቀዩ ቦታ ጋር ያያይዘዋል። ብርቱካኑ ስምንት ካሬ ያህል ሲቀርብ ወደ ጥጉ ይመለሳል። ልጆቹ መመሪያ ሳያነቡ ኮዱን አነበቡት።

ጋሼ፦ ጠላት ጠባይ ሲኖረው ልጅ ያጠናዋል። እንደ እሥረኛ ሳይሆን እንደ አዳኝ ይጫወታል።

ሚሚ፦ እንግዲህ እኔን የሚያሸንፈኝን ክርክር ራሴ ላምጣልዎት። ቴትሪስ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሲሠራው ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለው ኮምፒውተሩ ሥዕል እንኳ አያወጣም ነበር፤ ቅርጾቹን የሠራው በጽሑፍ ቅንፍ ነው። ፒክስል የለ፣ ቀለም የለ። ሰባት ቅርጽ፣ እያንዳንዱ አራት ካሬ፤ አሥር በሃያ የሆነ ጉድጓድ። በቃ። በ1989 ኒንቴንዶ ያወጣውን ቴትሪስ ሰው የሚያሸንፈው አይመስልም ነበር፤ ታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ እስከ 157ኛው ደረጃ ሄዶ ጌሙ ራሱ ደርቆ ቆመ። ከ34 ዓመት በኋላ! ማንም ግን ስለ ቴትሪስ መልክ አያወራም።

ጋሼ፦ አየሽ? ከትንፋሹና ከጥርሱ የትኛው እንደሚሠራ ራስሽ አገኘሽው። ፒክስሉ ትንፋሽ ነው። የሚገጥመው ጥርስ ሕጉ ነው፤ በአንድ እይታ የሚገባ፣ የማይዋሽ ሕግ።

ሚሚ፦ የኖኪያዋ እባብም ያው ናት። ታኔሊ አርማንቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ለ6110 ስልክ የሠራት። እማዬ ባለባትሪዋን ኖኪያ እስካሁን አልጣለችም፤ መብራት ሲጠፋ እባቧን ትጫወታለች። የሚገድላት የራሷ ጅራት ነው፤ ማንንም አታማርርም።

ጋሼ፦ እናትሽማ ጌም ቤቱ ውስጥም እንደዚያው ነበረች። ሴት ልጅ ጌም ቤት ገባች ተብላ በሰፈሩ ሲወራባት ቴትሪስ ላይ ወንዶቹን ሁሉ ታስነሣ ነበር።

ሚሚ፦ እሱን አልነገረችኝም! እሷ የምታወራው ስለ ሰልፉ ነው። ከኋላ ቆመው ስለሚጮኹት፣ «ቀኝ! ቀኝ! አይ አንቺ!» ስለሚሉት።

ጋሼ፦ አየሽ እንግዲህ፤ እሱ ነው የሚናፍቃት። አንድ ስክሪን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አሥራ አምስት ልጅ። የሚጫወተው ሁለት፣ የሚማረው አሥራ አምስት። አንዱ ያገኘውን ሁሉም ያገኛል፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም «ኦኦኦ!» ይላል። እሱ የጌሙ ጥበብ አይደለም፤ የማሽኑ ዋጋ ውድ ስለነበር የመጣ ነው። ሁሉም ቤቱ ማሽን ቢኖረው ኖሮ ማን እዚህ ይሰለፍ ነበር? ለዚህ ነው ሁለቱን ለዪ የምልሽ። እናትሽ የናፈቃት ሰው ነው፤ ለእሱ ማሪዮ አይመሰገንም። ማሪዮ የሚመሰገነው ሰው ከኋላ ባይኖርም፣ ማንበብ ባትችዪም ስለሚያስተምርሽ ነው።

ሚሚ፦ እኔስ? ያን ሰልፍ አላየሁ፣ እዚህ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩ። ምንድን ነው የሚናፍቀኝ?

ጋሼ፦ አንቺማ የሚያልቅ ነገር ነው የናፈቀሽ ይመስለኛል። የአንቺ ዘመን ጌም አያልቅም፤ ይጠራል፣ ደወል ይደውላል፣ «ተመለሺ» ይላል። ይኼ ካሴት ጠርቶኝ አያውቅም። ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ዝም ብሎ ተኛ፤ ዛሬ ስትጠርጊው ተነሣ። በይ አሁን ጌምሽን ክፈቺ።

ሚሚ፦ እንደዚህ ከተባለ በኋላ? እሺ። ተጫዋቹ የሚኒባስ ረዳት ነው፤ ሚኒባሱ ጥሎት ሄዶ ይሮጣል። ቀስቱ ያስኬዳል፣ «ዜድ» ያዘልላል። ይኸው።

ጋሼ፦ ደስ ይላል። ካርኒውን አንገቱ ላይ ማንጠልጠልሽ... ዘለልኩ... ምን ሆንኩ?

ሚሚ፦ ማንሆል ውስጥ ገቡ። ክዳኑ የተነሣ ነው።

ጋሼ፦ አላየሁትም። ልድገመው። ከአጥሩ ላይ ዘለልኩ... አሁንም! ምን ገደለኝ?

ሚሚ፦ ያው ማንሆል። ከአጥሩ ማዶ ነው ያለው፤ ሲወርዱ ነው የሚታየው። አንዴ ከሞቱበት በኋላ ግን ያውቁታል። የድሮዎቹም እኮ እንደዚያ...

ጋሼ፦ ሚሚ።

ሚሚ፦ ... «ምን ገደለኝ» አሉ።

ጋሼ፦ ሁለት ጊዜ። ከድሮ ጌም የወሰድሽው በሞት የሚያስከፍለውን ጋሼን ነው፤ ማንም አያስከፍልሽም እኮ! ነይ፣ ማሪዮን መልሺልኝ፤ የመጀመሪያው ስቴጅ መጨረሻ ላይ ሂጂ። እነዚያ ድርብ ደረጃዎች ይታዩሻል?

ሚሚ፦ አዎ። ወጥቶ የሚወርድ፣ መሐሉ ላይ ክፍተት ያለው። ቢወድቁም መሬት አለ፤ አይሞቱም።

ጋሼ፦ ቀጥዪ። ቀጣዩስ?

ሚሚ፦ ያው ደረጃ ነው፤ እዚህኛው መሐል ግን መሬት የለም። ገደል ነው። ... መጀመሪያ ያለ አደጋ አስለመዱኝ ማለት ነው።

ጋሼ፦ አርባ ዓመት የሆነው ጌም ነው፤ አንቺ ከመወለድሽ በፊት የወጣ። ግን ያንን ደረጃ ዛሬ አንድ የማያነብ ልጅ ቢቀመጥበት ይገባዋል። የአንቺን ባለ 16 ቀለም፣ 32 ኪሎባይት አልጠላሁትም፤ ያምራል። ማንሆሉን ግን መጀመሪያ ክዳኑ እንዳለ፣ ሜዳ ላይ፣ ልረግጠው በምችልበት ቦታ አሳዪኝ። ቀጥሎ ክዳኑን አንሺና ከሩቅ አሳዪኝ። ከአጥሩ ማዶ የምታደርጊው በሦስተኛው ነው። ያኔ ብሞት ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠርተሽ ስትጨርሺ ደግሞ ለእኔ አታምጪው፤ ማንበብ ለማይችል ለጎረቤት ልጅ ስጪውና ከኋላው ዝም ብለሽ ቁሚ።